አንገቱን ከመፍታታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል የአሮጌ ፔዳል ስቲል ጊታር አንገት ልቀይር ብሎ ካቻቪቴ ያነሳ ካለ፣ አንድ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ካቻቪቴውን ያስቀምጥልኝ።

አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ስጠግን ፀጉሬ ሸብቷል። አዲስ አበባ ሳለሁ አናጺ ነበርኩ፤ እዚህ ስመጣ ከእንግሊዝኛዬ ቀድሞ እንጀራ ያበላኝ እንጨት ማወቄ ነው። የዚህን መሣሪያ ድምፅ ግን ከአገር ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። በካንትሪ ዘፈን ውስጥ እንደ ሰው የሚያለቅሰው፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚሄደው እሱ ነው። ስንቶቻችን ስሙን ሳናውቅ ሰምተነዋል።

መልኩ ጊታር አይመስልም። በእግሮች የቆመ ጠረጴዛ ነው፤ አንገት የምንለው ከክሮቹ ሥር የተዘረጋውን ክፍል ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ በግራ እጁ የብረት ዘንግ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኙ ይመታል፣ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል፣ በጉልበቱ ማንሻ ይገፋል። ባለ ሁለት አንገቱ ዓይነት ብዙውን ጊዜ በእያንዳንዱ አንገት 10 ክር አለው፤ ከተጫዋቹ ራቅ ያለው ኢ9፣ ወደ ሆዱ የቀረበው ሲ6 በሚባል ቅኝት ይቃኛል፤ ፊደሎቹ የፈረንጅ የድምፅ ስሞች ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። በተለመደው ጊታር አንገት ከተጣመመ ሁሉም ነገር ይጣመማል። ፔዳል ስቲል ላይ ግን ክሩን አንገቱ ላይ የሚጫን ጣት የለም። ፍሬት፣ ማለትም የተለመደው ጊታር አንገት ላይ ያሉትን ቀጫጭን ብረቶች፣ የሚመስሉት መስመሮች ለዓይን ምልክት ብቻ ናቸው። የማሲንቆ ተጫዋችን አስታውሱ፦ ጣቱ ጭራውን ይነካል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። የክሮቹን ጉልበት የሚሸከሙት፣ እኔ በያዝኳቸው አብዛኞቹ ላይ፣ ከሥር ያለው ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ ሳጥንና ዳርና ዳር ያሉት ብረቶች ናቸው። ስለዚህ ድምፅ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አንገቱ መሆን የለበትም። እኔ ግን እሱን ጠረጠርኩ።

የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ አንድ ሽማግሌ ተጫዋች ባለ ሁለት አንገት ጊታሩን ይዞልኝ መጣ። ድምፁ ታፍኗል፣ ቅኝቱም አልቆም ብሏል። የእንጨት አንገቶቹ ተሰነጣጥቀው ሳይ ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም። ከሌላ ጊታር የተፈቱ የአሉሚኒየም አንገቶች ገዛሁና አሰርኩ። እንደ መስታወት ያበራሉ፤ በሥራዬ ኮራሁ። ሰውዬው ተቀምጦ ጥቂት ተጫወተ። 12ኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመና «ጆሮዬና ዓይኔ ተጣሉ» አለ።

ሜትር ዘረጋሁ። ጊታሩ ከሮለሩ፣ ማለትም በአንዱ ዳር ክሮቹ ከሚያርፉባቸው ትንንሽ መንኮራኩሮች፣ እስከ ቼንጀሩ፣ ማለትም ክሮቹን የሚስቡና የሚያላሉ የብረት ጣቶች እስካሉበት ድረስ፣ 24 ኢንች ነበር። የገዛኋቸው አንገቶች ላይ ያሉት መስመሮች ደግሞ ለ24 ከሩብ ኢንች የተሰመሩ ናቸው። 12ኛው መስመር ሁልጊዜ የክሩ ልክ እኩሌታ ላይ መዋል አለበት፤ የእኔው ግን 3 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ተቀምጧል። 3 ሚሊ ምን ታህል ነው አትበሉ። እዚያ ቦታ ላይ ድምፁን ከግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ ላይ ይወስደዋል። በዓይኑ የሚያንሸራትት ተጫዋች አብሮት ከሚዘፍነው ጋር ይጋጫል።

ከሁሉ የባሰው ሌላ ነበር። አንገቶቹን መልሼ ስፈታ የዳር ብረቱ ብሎኖች በእጅ የሚዞሩ ሆነው አገኘኋቸው። ጥፋቱ ያ ነበር። አምስት ደቂቃ በማይፈጅ ማጥበቅ የሚያልቅ ሥራ ላይ ሁለት ሳምንት አጥፍቻለሁ።

ስለዚህ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ኢ9ኙን ቃኙና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፔዳሎች አንድ ላይ ርገጡ። የቢ ክሮች ወደ ሲ ሻርፕ፣ የጂ ሻርፕ ክሮች ወደ ኤ ይወጣሉ። ማንም ያልነካው የኢ ክር ግን በመቃኛው መርፌ ላይ ትንሽ ወረድ ይላል፤ ሳጥኑ ጭነት ሲጨምርበት ስለሚጎብጥ ነው። ስንት እንደወረደ ጻፉት። ብሎን ሁሉ አጥብቃችሁ ደግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ ከተሻሻለ አንገቱ ንጹሕ ነው።

መቀየሩ ግድ ከሆነ ደግሞ ስም አያታልላችሁ። ሾ-በድ የሚባለው ፔዳል ስቲል እዚሁ ናሽቪል ይሠራ የነበረ ነው፤ ስሙ ከመሥራቾቹ ከሾት ጃክሰንና ከበዲ ኤመንስ የተቀጠለ። በዲ ኋላ ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በራሱ ስም የሚጠራውን ጊታር ሰሜን ካሮላይና በርሊንግተን ላይ ከአጋሩ ጋር አስጀመረ። ሰዎቹ አንድ ላይ ሠርተው ነበርና የአንዱ አንገት ለሌላው ይገጥማል ማለት አይደለም። የአንዱ ፋብሪካ ሥራ እንኳ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ከአሉሚኒየምና ከእንጨት የቱ ይሻላል ለሚለኝ፣ አሉሚኒየም ጠራ ያለ፣ እንጨት ደግሞ ክብ ያለ ድምፅ ይሰጣል የሚለውን እኔም ሰምቼ አምናለሁ፤ ግማሹ ግን ዓይን ለጆሮ የሚነግረው ይመስለኛል።

አንገቱ የሚታሰረው ከሥር ነው። እያንዳንዱን ቪት ካርቶን ላይ በየቦታው ሰክታችሁ አስቀምጡ፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙ በአጭሩ ቀዳዳ ከገባ በላይ በኩል ፍሬት ቦርዱን፣ ማለትም መስመሮቹ ያሉበትን ገጽ፣ ይበሳዋል። ያረጀ ቀዳዳ ከላላ የክብሪት እንጨት አትሰኩበት። ከሜፕል የተላገ ዘንግ በሙጫ ሙሉና እንደ አዲስ ብሱ። ፒክአፑም፣ ማለትም የክሮቹን ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት፣ ከክሮቹ ያለውን ርቀት ሳትጽፉ አትፍቱት።

አሮጌዎቹን አንገቶች በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለባለቤቱ መልሱለት። ያ ሽማግሌ የራሱን እንጨቶች መልሼ እንዳስርለት ሲጠይቀኝ፣ አንደኛውን ቆርጬ ሽብልቅ ሠርቼበት ነበር። ለገዛሁለት ምትክ ገንዘብ አልተቀበልኩትም፤ እሱም ሁለተኛ አልመጣም። አንዱ ሽብልቅ አሁንም የሥራ ጠረጴዛዬን እግር ደግፎ ቆሟል።