እናቶቻችንን በእረፍት አንጉዳቸው
ውጭ የምንኖር የደሴ ልጆች እጃችን ላይ ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ የምናስበው እናትን ማሳረፍ ነው። ሠራተኛ እንቀጥራለን፣ የባጃጅ ኮንትራት እንይዛለን፣ ትልቅ ቴሌቪዥን እንገዛለን። «በቃ አንቺ አሁን እረፊ» እንላለን። ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ አገር ስገባ ያየሁት ግን አሳዝኖኛል። ጠዋት አራዳ ወርደው ሽንኩርቱን አገላብጠው መርጠው፣ ዋጋ ተከራክረው፣ ዳገቱን አረፍ እያሉ ይመለሱ የነበሩ እናቶች ዛሬ ጋቢ ተከናንበው ሶፋ ላይ ይውላሉ። ውሃ እንኳ ሠራተኛዋ ናት የምታቀብላቸው።

ይሄ ጉልበትን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። አንጎልንም ይጎዳል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ግን ልንቀንሳቸው የምንችላቸው 14 ነገሮችን ዘርዝሯል፤ አለመንቀሳቀስ አንዱ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮ አለመስማትና ብቸኝነትም አሉበት። በእግር ገበያ መሄድ ግፊትና ስኳርን ለመቆጣጠር ያግዛል፣ መንገድ ላይም ሰው ያገናኛል። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ጨርሶ አይዝም ማለት አይደለም፣ እየተራመደም የሚታመም አለ። መንቀሳቀስ ግን የመያዝ ዕድሉን ይቀንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያንም ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚከብድበት ፍጥነት በቂ ነው። ሚዛን መጠበቂያም ያስፈልጋል፤ ወንበር ይዞ ቆም ማለት፣ ቁጭ ብድግ ማለት። ልብ የሚያማቸው ወይም የሚያዞራቸው ካሉ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው።

ባጃጁን አታስቀሩ። ቁልቁለቱንና ሸክሙን ለባጃጁ፣ ሜዳውን ለእግር። ክረምት ላይ የደሴ ኮብልስቶን ያንሸራትታል፣ በዚያ ዕድሜ ዳሌ ከተሰበረ ደግሞ ከአልጋ መነሳት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሻንጣ ስታዘጋጁ ከሽቶው በፊት ሶሉ የሚይዝ ጫማ ክተቱ። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ማለዳ ወይም አመሻሽ ይሻላል። እናንተ ጋ ያመጣችኋቸውም ካሉ አፓርታማ ውስጥ ዘግታችሁባቸው ሥራ አትሂዱ።

ስትደውሉ «በላሽ ወይ?» ብቻ አትበሉ፣ «ዛሬ የት ደረስሽ?» በሉ። አንዱን ጥያቄ ደጋግማ ከጠየቀቻችሁ ደግሞ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም ድባቴ ሊሆን ይችላል፣ እነዚህ ይታከማሉ። ቅርብ ያለ ዘመድ በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ይውሰዳት።