ማፒነ ካርታ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዲስ አበባ ሆነሽ ስምንት ወር ጣልያንኛ ተምረሻል። ናፖሊ ሄደሽ አንዲት አሮጊት ልትንከባከቢ ነው። አሁን ደግሞ አንዱ «እዚያ የሚወራው ጣልያንኛ አይደለም» ብሎ ሆድሽን አባባው። «የተማርኩትን ውሃ በላው ማለት ነው? ናፖሊኛ ልማር?» ነው ያልሽው። ውሃ አልበላውም። የነገረሽ ሰውም ግን አልዋሸም።

እኔ ጣልያን የመጣሁት በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራልሽ ዓመት ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው። ስድስት ዓመት ናፖሊ፣ ሳኒታ የሚባለው ሰፈር፣ የ84 ዓመት እናት ቤት ኖሬ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቡናው ገነፈለና ሴትየዋ «ፒልያ አ ማፒነ! አ ማፒነ!» እያሉ ይጮኹብኛል። «አምጪ» ማለታቸው ገብቶኛል። እኔ በተማርኩት ጣልያንኛ «ማፓ» ካርታ ነው። ስለዚህ ማፒነ ትንሽ ካርታ መሆን አለባት ብዬ ሳሎን ገባሁ። መሳቢያ እየከፈትኩ ካርታ ስፈልግ ቡናው ከምድጃው ወለሉ ላይ ወረደ። ማፒነ ለካ የወጥ ቤት መወልወያ ጨርቅ ኖሯል! ሴትየዋ እስኪሞቱ ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይቺን ታሪክ ሳያወሩ አይሸኙም ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጣልያኖቹ «ዲያሌቶ» ይሉታል፣ እኛ «ዘዬ» እንለዋለን፣ ቃሉ ግን ያሳስታል። ዘዬ ሲባል የጎጃምና የወሎ አማርኛ ነው የሚመጣልን። ናፖሊኛ ከጣልያንኛ አልወጣም፣ የተበላሸ ጣልያንኛም አይደለም። ሁለቱም የላቲን ልጆች ናቸው። አማርኛና አርጎብኛን አስቢ፤ እህትማማች ናቸው እንጂ አንዷ የሌላዋ ልጅ አይደለችም። ዛሬ ጣልያንኛ የምንለው በ14ኛው መቶ ዓመት እነ ዳንቴ፣ ፔትራርካና ቦካቾ የጻፉበት የፍሎረንስ ንግግር ነው። በ1525 ፒዬትሮ ቤምቦ የሚባል የቬኒስ ሰው «ጸሐፊ ሁሉ እንደ ፔትራርካና እንደ ቦካቾ ይጻፍ» ብሎ ተከራከረ፣ ሐሳቡም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጣልያንኛ የወረቀት ቋንቋ ሆኖ ቆየ። ሰው በቤቱ የሚያወራው የሰፈሩን ነበር።

አገሪቱ በ1861 አንድ ስትሆን ጣልያንኛ መናገር የሚችለው ሕዝብ 2.5 ከመቶ ብቻ ነበር ብሎ የገመተው ቱሊዮ ዴ ማውሮ የሚባል የቋንቋ ሊቅ ነው። አሪጎ ካስቴላኒ የሚባለው ደግሞ ወደ 10 ከመቶ ከፍ አደረገው። የፈለግሽውን ውሰጂ፣ ያው ጥቂት ነው። ቋንቋው ቤት ለቤት የገባው በትምህርት ቤት፣ በውትድርና፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ፋብሪካ በጎረፈው ሠራተኛ፣ በ1954 ደግሞ በቴሌቪዥን ነው። በ1960ዎቹ አልቤርቶ ማንዚ የሚባል መምህር በቴሌቪዥን አዋቂዎችን ማንበብና መጻፍ ያስተምር ነበር። የኔ ሴትዮ እናት ጎረቤት ቤት ሄደው ያዩት ነበር አሉ። እና አንቺ አዲስ አበባ የተማርሽውን ቋንቋ፣ የእነዚህ ሰዎች አያቶችም እንዳንቺ በትምህርት ነው ያገኙት። ይሄን ሳውቅ እኔ በበኩሌ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ዛሬ ጣልያንኛ የማይሰማ ሰው አያጋጥምሽም፣ አትፍሪ። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታቸው በ2015 ሲጠይቅ ቤት ውስጥ በብዛት ዘዬ የሚያወራው 14 ከመቶ ያህል ነበር። አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ግን ሁለቱንም ያቀላቅላል። ናፖሊ ላይ ማቀላቀሉ ይብሳል፣ አረጋውያን ዘንድ ደግሞ ይበልጥ ይብሳል። አንቺ የምትሄጂው አረጋዊት ቤት ነው።

መጀመሪያ ጆሮሽን የሚያስቸግረው የቃል መጨረሻ ነው። ናፖሊዎች የመጨረሻዋን አናባቢ ይውጧታል። ጣልያንኛው «ናፖሊ» ሲል እነሱ «ናፑለ» ይላሉ፣ ያቺ «ለ» የኛዋ ግዕዝ «ለ» ናት ማለት ይቻላል። መምህርሽ አፏ ላይ የሌለ ድምፅ አንቺ ከልጅነትሽ ታውቂዋለሽ። መጨረሻው ከተዋጠ ታዲያ አንድና ብዙ በምን ይለያል? በሆዱ። ልጁ «ጓልዮነ» ነው፣ ልጆቹ «ጓልዩነ»። መሃሉ ተቀየረ። ንጉሥ ነገሥት፣ መጽሐፍ መጻሕፍት ብሎ ላደገ ሰው ይሄ ምን ይገርማል? ሲጠሩ ደግሞ ቃሉን ይቆርጡታል። ሲኞራ «ሲኞ!» ናት፣ ዶክተሩ «ዶቶ!» ነው።

አሁን ለሥራሽ። ቶሎ መያዝ ያለብሽ የአካል ስም ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሲያመው የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው። ጭንቅላት «ካፐ» ነው፣ እኛ በቡጢ ጠብ የምናውቀው «ቴስታ» አይደለም። ሆድ «ፓንዘ» ነው። ራበኝም፣ በረደኝም፣ እንቅልፌ መጣም ሁሉ «ቴንጎ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ «ኦ ፋሜ» ብለሽ የተማርሽው «ቴንጎ ፋመ» ይሆናል። «ንኮፐ» ላይ፣ «አባሸ» ታች፣ «ሞ» አሁን። እኔ እነዚህን ማቀዝቀዣው ላይ በአማርኛ ፊደል ጽፌ ለጥፌ ነበር። ልጃቸው መጥቶ አይቶ ጥንቆላ መሰለው።

አክብሮት ላይም ተጠንቀቂ። መጽሐፍሽ «ሌይ» በይ ይልሻል። የድሮ ናፖሊዎች ለትልቅ ሰው «ቮይ» ይላሉ፣ ልክ እንደ እርስዎ። እኔ ቮይ ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ሴትየዋ ቡናዬን ራሳቸው ይቀዱልኝ ጀመር። ሲሰናበቱ «ስታተ ቦነ» ይሉሻል። ቃል በቃል ደህና ሁኚ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ቅርጫቱ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ በገመድ የሚወርድ ቅርጫት አለ፣ «ፓናረ» ይባላል። ዳቦ ሻጩ ከታች «ካለ ኦ ፓናረ!» ይላል፣ «ቅርጫቱን አውርጂ» ነው። ሳንቲሙን ከትቼ አወርዳለሁ፣ ዳቦው ይወጣል። ያንን ዓረፍተ ነገር የትም ክፍል ብትማሪ አታገኚውም።

ታዲያ ትናገሪው? ስሚው፣ ብዙ አትናገሪው፤ የኔ ምክር ይሄ ነው። ሰፈር ውስጥ ጣል ብታደርጊ ይስቁልሻል፣ ይወዱሻል። ቢሮ ስትሄጂ ግን ጥንቅቅ ያለ ጣልያንኛ ተናገሪ። አንድ መሥሪያ ቤት የነበረች ሴት ገና ፊቴን አይታ «ቱ ቬኒሬ ዶማኒ» አለችኝ፣ «አንቺ መምጣት ነገ» እንደማለት። ለነጭ ፈረንጅ እንዲህ አትልም ነበር። በሙሉ ሰዋስው፣ በሌይ፣ ቀስ ብዬ መለስኩላት፣ ቀላች። ፈተናውም በጣልያንኛ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ኤ2 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ፣ ለዜግነት ከሱ ከፍ ያለው ቢ1 ይጠየቃል። ናፖሊኛ እንኳን ፈተና ሊሆን በ1999 የወጣው ሕግ ከጠበቃቸው 12 ቋንቋዎች ውስጥ እንኳ የለም። የሰርዲኒያውና የፍሪዩሊው ግን አሉበት።

ናፖሊኛ ለመድኩ ስል በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወደ ሰሜን፣ ቤርጋሞ ሄድን። እንደገና ከዜሮ! እዚያ ጎረቤቴን አንድ ነገር ስጠይቃት «ሶ ሚያ» ትለኛለች። «ሚያ» በጣልያንኛ «የኔ» ነው። የምን የኔ ነው ብዬ ግራ ገባኝ። ለካ «አላውቅም» ማለቷ ነው፣ «ሚያ» የነሱ ማፍረሻ ናት፣ ከግሡ በኋላ ትመጣለች። ናፖሊና ቤርጋሞ በየራሳቸው ቢያወሩ እኮ እርስ በርስ አይግባቡም፣ ሁለቱም ጣልያን ናቸው።

ደግሞ ዲያሌቶ አላውቅም አትበይ። በየስልኩ መጨረሻ «ቻው» ትያለሽ አይደል? የቬኒስ ቃል ነው፣ «ባሪያዎ ነኝ» ከሚል የመጣ።

የዜግነት ፈተናዬን የተፈተንኩት ቤርጋሞ ነው። ፈታኙ ስለ ቤተሰብሽ አውሪ አለኝ። ስንት ቀን ተዘጋጅቼበት «ቴንጎ ዱዌ ፊሊ» ብዬው ቁጭ። «ኦ ዱዌ ፊሊ» ነበር ማለት የነበረብኝ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ፈገግ ብሎ «ሲኞራ፣ ናፖሊ ነበሩ እንዴ?» አለኝ።