ታክሲውን ራሳቸው ይያዙት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የ9ኛ ክፍል መምህር ነኝ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ በሰርቪስ መጥተው በሰርቪስ ስለሚመለሱ ታክሲ ለብቻቸው ተሳፍረው የማያውቁ ብዙ ናቸው። ከተማዋን በራሳቸው እንዲለማመዱ ጉዞ ላዘጋጅላቸው አስቤያለሁ። 40 ናቸው፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አውቶቡስ አይከራዩ። 40 ተማሪ ተሰልፎ መምህሩን እየተከተለ ብሔራዊ ሙዚየም ቢገባ ስለ ድንቅነሽ ይማር ይሆናል። መንገዱን የመረጠው፣ ሂሳብ የከፈለው፣ የት እንደሚወረድ ያወቀው ግን መምህሩ ነው፤ ልጆቹ ከተማዋን አልተለማመዱም።

አራት አራት አድርገው ይመድቧቸው። አንዱ ቢታመም አንዱ አብሮት ይቆያል፤ ሁለቱ ሰው ይጠራሉ፤ ማንም ብቻውን አይቀርም። ከዚያ በላይ ሲሆኑ ደግሞ መንገድ ላይ በሚያልፍ ሚኒባስ ውስጥ ለሁሉም የሚሆን ባዶ ወንበር ስለማይገኝ ግማሹ ተሳፍሮ ግማሹ ይቀራል። በየቡድኑ ታክሲ የለመደ አንድ ልጅ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም ነገር እሱ እንዳይሠራው ሥራውን ያከፋፍሉ፦ መንገድ መሪ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ስልክና ሰዓት ያዥ፣ ሰው ጠያቂ። በየመድረሻው ሥራቸውን ይቀያየሩ።

ለየቡድኑ አንድ አዋቂ ከኋላ ይከተል። አሥር ሰው ካላገኙ ጉዞውን ለሦስት ቅዳሜ ይከፋፍሉት። ተከታዩ አፉን የሚከፍተው ለሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የመኪና አደጋ ሲያሰጋ፣ ልጆቹ ከማያውቁት ሰው ጋር ሊሄዱ ሲሉ፣ እና ሲታመሙ። የተሳሳተ ታክሲ ሲይዙ ዝም ብሎ አብሯቸው ይሳፈር። በጣም ከባዱ ሥራ ይሄ ነው፤ ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ስለሚሸነፉ አስቀድመው ቃል ያስገቧቸው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወር ይሻላል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3:30 እስከ 7:00 ይሁን፤ ከዚያ በፊት የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው። የስልክ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያሳይባቸው ልጆች ስላሉ ቀጠሮውን «ጠዋት 4 ሰዓት፣ ስልኩ ላይ 10:00» ብለው በሁለቱም ይጻፉላቸው።

መድረሻው ላይ የሚሠሩት ሥራ ይኑር። እኛ የምንመክረው ቸርችል ጎዳና ያለውን ዋናውን ፖስታ ቤት ነው። ቡድኑ ቴምብር ገዝቶ፣ ጉዞው እንዴት እንደነበረ ጽፎ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይላክ። መስኮት ላይ ቆሞ ሠራተኛ ማነጋገርን፣ ፎርም መጠየቅን፣ ተራ መጠበቅን በአንድ ቦታ ያገኙታል። መርካቶን ለመጀመሪያ ቀን አይምረጡት፤ እዚያ የለመደም ሰው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጉዞ አድርገን ነበር። ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ በቀላል ባቡር የላክነው ቡድን ቃሊቲ ደረሰ። ሌላው ቡድን ደግሞ ተለያይቶ ሲፈላለግ አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ምኑ ላይ ነው ያጠፋነው?

መልስ፦ የባቡሩ ስህተት የተለመደ ነው። የአያት–ጦር ኃይሎች እና የቃሊቲ–ምኒልክ አደባባይ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ስለዚህ ሜክሲኮ ላይ የቆመ ልጅ በዚያው መድረክ ሁለቱም ባቡሮች ይመጡበታል፤ የሚለያዩት ስታዲየምን ካለፉ በኋላ ነው። «ባቡር መጣ» ብሎ ከመግባት በፊት የመጨረሻ ጣቢያውን ስም ማንበብ ወይም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተሳሳቱም ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርደው ወደ ስታዲየም መመለስ ነው። ቲኬት አስቀድመው እንዲቆርጡ፣ እስኪወርዱም እንዳይጥሉት ይንገሯቸው።

አጠያየቁንም ያስተምሯቸው። የእኛ ሰው «አላውቅም» ማለት ይከብደዋል፤ ልጁን ላለማሳፈር ብሎ በግምት ያሳየዋል። «ወደ መገናኛ ይሄዳል?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ይቀናዋል። «ይሄ የት ነው የሚሄደው?» ብለው ይጠይቁ፣ ከዚያ ሁለተኛ ሰው ይድገሙ። ጥሩ ተጠያቂዎች ቦታቸውን የማይለቁ ሰዎች ናቸው፦ ባለሱቅ፣ ቡና የምታፈላ ሴት፣ ተራ አስከባሪ፣ ትራፊክ ፖሊስ። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ቦታቸውን የቀየሩ ታክሲ ተራዎች ስላሉ የአምናውን ካርታ አይመኑ፤ በዋዜማው ራስዎ ሄደው ይዩት። አቅጣጫ ለጠፋበት ልጅ ደግሞ እንጦጦ አለ፤ ተራራው በስተሰሜን ነው፣ ሰውም «ወደ ላይ» ሲል ብዙ ጊዜ ወደዚያ ማለቱ ነው።

የተለያየው ቡድን የጠፋው ሁለቱም ወገን ስለተንቀሳቀሰ ነው። ሕጉ አንድ ይሁን፦ መሬት ላይ የቀረው ካለበት አይነቃነቅ፤ ታክሲው ውስጥ ያለው ቀጣዩ ፌርማታ ወርዶ ይመለስ። በ20 ደቂቃ ካልተገናኙ ለመምህሩ ይደወል።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ያለ አዋቂ በታክሲ ሊልካቸው መሆኑን በደብዳቤ አሳውቆናል። ሌባውም፣ ለካፊውም ያስፈራኛል። ላስቀራት?

መልስ፦ እህታችን፣ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ ግን አያስቀሯት። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ይሄንኑ መንገድ ብቻዋን ትሄደዋለች።

ስርቆት የሚበዛው መሳፈሪያ በር ላይ ባለው ግፊያ ነው። ቦርሳዋን ወደ ፊት ታዙር፤ ስልኳ ከውስጥ ኪስ ይሁን፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ አታውራበት። ሰው ልብሷ ላይ አንድ ነገር ደፍቶ «ልጥረግልሽ» ካላት ሳትቆም ትለፍ፤ አንዱ ሲጠርግ ሌላው ኪስ ይገባል። ገንዘቡን በሁለት ቦታ ትያዝ፤ የታሪፉን እጥፍ ያህል፣ በዝርዝር። ድፍን ባለ 200 ብር የሰጠ ልጅ መልስ ሲጠብቅ መውረጃው ያልፈዋል።

ለከፋ ሲያጋጥማት አትመልስ፣ አትቁም፤ አቅራቢያዋ ያለ ሱቅ ትግባ ወይም አንዲት እናት አጠገብ ትቁም። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነም አስቀድመው ይንገሯት፤ ይህን ከእናቷ አፍ መስማቷ ዋጋ አለው። ትምህርት ቤቱን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ወንዶቹ «እህታችን ተነካች» ብለው ጠብ ውስጥ እንዳይገቡ ተነግሯቸዋል? ከስድቡ ይልቅ የሚያስጎዳው ጠቡ ነው።

የእርስዎን ስልክ በቃሏ ትወቅ፤ ፖሊስ 991ን፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን ደግሞ በወረቀት ጽፋ ትያዝ፤ ባትሪ ያልቃል።

ከጉዞው በፊት ሁለት ጊዜ አብረዋት ታክሲ ይሳፈሩ። ሂሳብ እሷ ትክፈል፤ መልስ እሷ ትቁጠር። መውረጃው ሲደርስ እርስዎ ዝም ይበሉ። ብዙ ልጆች መውረጃቸውን እያዩት የሚያልፉት ጮክ ብለው «ወራጅ አለ!» ማለት ስለሚያፍሩ ነው፤ ባትል አብረው ይለፉና በእግር ይመለሱ።