ከወፍ ቆጠራ መልስ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት እንጀራዬ ቆጠራ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሰኔ 30 በመጣ ቁጥር መጋዘን ገብቼ ጆንያና ካርቶን ስቆጥር አመሻለሁ። አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ዘንድ እኖራለሁ። በየዓመቱ በብርዱ ወራት ደግሞ አንድ ቀን ወጥቼ ወፍ እቆጥራለሁ። “ጋሼ፣ ቆጠራ ዛሬም አልለቀቀዎትም?” እያላችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ድሮ እዚህ አገር በገና ቀን ቡድን ለይቶ ወፍና አውሬ መግደል ልማድ ነበር፤ ብዙ የጣለ ያሸንፋል። በፈረንጆቹ 1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ተመራማሪ መግደሉ ቀርቶ ይቆጠር አለ። በዚያ ገና 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ወጡ። ዛሬም ከዲሴምበር 14 እስከ ጃንዋሪ 5 ይካሄዳል፤ የእኛ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ያበቃል። መሬቱ ወርዳቸው 24 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ክቦች ይከፈላል፤ ለአንድ ክብ የሚሰጠው አንድ ቀን ብቻ ነው።

የእኔ ቡድን ድርሻ የመኖሪያ ሰፈር ነው፦ አጥር፣ ጋራዥ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የገበያ መኪና ማቆሚያ። (ባይኖኩላራችሁን ወደ ሰው መስኮት አታዙሩ፤ ባለቤቱ ብቅ ካለ ቀድማችሁ ሰላም በሉት።) በመጀመሪያው ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ለወፍ ጥሬ ተሰቅሎ አየሁ። ካርዲናል የሚባለው ቀይ ወፍ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ስምንት ብዬ ጻፍኩ። መሪያችን፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ሴት፣ በአንድ ጊዜ ያየሁት ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለት ነበር። ስምንቱን ሰርዤ ሁለት ጻፍኩ።

አፈርኩ፤ ያሳፈረኝ ግን ካርዲናሉ ብቻ አይደለም። በወጣትነቴ አንድ መጋዘን ውስጥ መሽቶብኝ፣ ያልደረስኩበትን መደርደሪያ ካለፈው ዓመት ወረቀት ገልብጬ ፈርሜያለሁ። ማንም አልነቃብኝም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ጻፉ፤ ይኖራል ብላችሁ የጠበቃችሁትን ተዉት። የፈጀባችሁን ሰዓትና የሄዳችሁትን ርቀትም አብራችሁ መዝግቡ፤ በግማሽ ሰዓት የታየ አሥር ድንቢጥና በስድስት ሰዓት የታየ አሥር ድንቢጥ አንድ አይደለም። ስታርሊንግ የሚባለው ወፍ በመቶዎች ግር ብሎ ሲነሳ አንድ በአንድ ልቁጠር ብትሉ አትችሉም። አሥሩን ቆጥራችሁ ስፋቱን በዓይናችሁ ያዙ፤ ያንን እየደጋገማችሁ መንጋውን ለኩት። ግምት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ግምትን ቆጠራ ማለት ነው።

በፈረንጆቹ 2019 ተመራማሪዎች እንዳሳወቁት ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ አጥታለች፤ ከጎደለው ብዙው ማንም ዞር ብሎ የማያየው ተራ ወፍ ነው። ይህን ማወቅ የተቻለው ተራውን ወፍ ሳይንቁ ዓመት ከዓመት የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ማታ ጫማችን እንደረጠበ ተሰብስበን ሾርባ እንጠጣለን። ጸሐፊዋ ዝርዝሩን ትጠራለች፣ እያንዳንዱ ቡድን ቁጥሩን ይናገራል። ቁራ፣ ጭልፊት፣ ግንደ ቆርቁር። ቦብዋይት የተባለው የድርጭት ዘመድ ስም ሲደርስ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እኔ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ መልስ አግኝቶ አያውቅም። ጸሐፊዋ ግን አትዘለውም። ቀና ብላ ሁላችንንም ታያለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ዜሮ ትጽፋለች።