ነርስ ነኝ፤ ያስቸገሩኝ ጠያቂዎች የባለቤቴ ዘመዶች ናቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። የምሠራው ከከተማው ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ፣ በቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው። በቅርቡ ባለቤቴን ያሳደጉት አክስቱ በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው ቆስሎ እኔው ዋርድ ተኙ። እንደ አማቴ ነው የማያቸው። ዘመዶቹ ግን ከመጠየቂያው ሰዓት ውጪ እየመጡ ለጥበቃው «ምራታችን እዚህ ናት» እያሉ ይገባሉ። ቦታ ሲጠፋ አልጋው ላይ ይቀመጣሉ። ማርና የታሸገ ጭማቂ ከትራስ ሥር ይደብቁላቸዋል። ሐኪሞቹ ሁለት የእግር ጣት መቆረጥ አለበት ሲሉ ደግሞ «ለእሷ እንዳይነገራት፤ አንቺስ እያየሽ ዝም ትያለሽ?» አሉኝ። ከሐዋሳ የመጣው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በሕሙማን ሁሉ ፊት «ብር ብናስጨብጥሽ ኖሮ ትሮጪ ነበር» ብሎ ሰደበኝ። ለባለቤቴ ስነግረው «ምናለ ትንሽ ብታልፊያቸው? ዘመድ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ «ልጁ በላ?» ከመባባል በቀር አንነጋገርም። ይባስ ብሎ ባለፈው መድኃኒት የት እንደሚገኝ የጠየቁኝ አንድ አዛውንት ላይ ጮኽሁባቸው። ሥራውን ልተው? ወይስ ትዳሩን? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ «ሥራውን ልተው ወይስ ትዳሩን» የሚለው ጥያቄሽ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቶ ገና ያልተኛ ሰው ጥያቄ ይመስላል። ስለዚህ ለጊዜው ለሁለቱም አልመልስልሽም። ከዚያ የሚቀድም ጉዳይ አለ።

በአንድ አልጋ ዙሪያ ነርስም ምራትም ሆነሻል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ነርሷ «ሰዓት አልቋል፣ ውጡልኝ» ማለት አለባት፤ ምራቲቱ ደግሞ የባሏን ዘመድ ከተቀመጠበት እንድታስነሣ አላደገችም። አንዷን ስትሆኚ ሌላዋ ትወቅስሻለች። ለዋርዱ ኃላፊ ነርስ «የባለቤቴ አክስት ስለሆኑ አልጋቸውን ሌላ ሰው ይያዝልኝ» በያት። ይህ ሽሽት አይደለም። ሐኪምም የቅርብ ቤተሰቡን ከማከም እንዲቆጠብ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዝምድና ሲገባ ዓይን ይጋረዳል፣ ምላስም ይያዛል። አክስታችሁን ስትጠይቂ በመጠየቂያው ሰዓት፣ ጋውንሽን አውልቀሽ፣ እንደ ማንኛውም ዘመድ ግቢ። አለባበስሽ ብቻ ብዙውን ነገር ይናገርልሻል።

አሁን ወደ ጠያቂዎቹ እንምጣ። እኛ አገር የታመመን መጠየቅ ብድር ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ ተብሎ ይቆጠራል፤ በሠርግም በለቅሶም ይነሣል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታመመን የጠየቀ ክርስቶስን እንደጠየቀ ይቆጠርለታል። በእስልምናም ሙስሊም ለሙስሊም ካለበት ግዴታ አንዱ ይኸው ነው። ጎሕ ሳይቀድ ከገጠር ተነሥቶ፣ መኪና እየቀያየረ፣ የአዲስ አበባን ትርምስ አልፎ ሆስፒታሉ በር ላይ የደረሰ ሰው «ሰዓት አልፏል» ሲባል ደንብ አይሰማውም። የሚሰማው «ወገንህ ዘንድ አትድረስ» የሚል ነው። «ምራታችን እዚህ ናት» ማለታቸውም ሁልጊዜ ትዕቢት አይደለም፤ በማያውቁት ግቢ ውስጥ የያዙት ብቸኛ መተማመኛ አንቺ ነሽ።

ይህን የምልሽ ሁሉን ቻይላቸው ለማለት አይደለም። ግን «ክልክል ነው» ብቻ ሲባል የፈራ ሰው እጁ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ እጅ ደግሞ ጠብ ይፈልጋል። ስለዚህ ስትከለክሊ ሥራ ስጪ። ለሌሎች ሕሙማን ቤተሰቦችም የሚሠራ አነጋገር ልንገርሽ፦ «ጋሼ፣ እንደምትጨነቁላቸው አውቃለሁ። አሁን ቁስላቸው ሊታጠብ ስለሆነ አንድ አስታማሚ ብቻ ይቆይ። እርስዎ የታዘዘውን መድኃኒት ከውጭ ቢያመጡልን፣ እህትዎ ደግሞ ለራት ምን ማምጣት እንደምትችል መጥታ ብትጠይቀኝ።» መጀመሪያ ጭንቀታቸውን ትጠሪዋለሽ፣ ከዚያ ምክንያቱን፣ ከዚያ ሥራውን። ምክንያቱ መቅረት የለበትም፤ አዋቂ ሰው ያለ ምክንያት «ውጣ» ሲባል እንደ ልጅ የተቆጡት ይመስለዋል።

ማሩንም በዚሁ ዓይን እዪው። ማር ለእነሱ ከመድኃኒትም በላይ ነው፤ የሚደብቁት ክፋት ስላሰቡ ሳይሆን ነርሶቹ «አይገባቸውም» ብለው ስለሚያምኑ ነው። «ስኳር አለባት፣ አትስጧት» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተዋል። ምናልባት ያልሰሙት የኢንሱሊኑ መጠን ከሚበሉት ምግብ ጋር ተመዛዝኖ እንደሚሰጥ፣ በድብቅ የገባ ማር የስኳሩን መጠን ከፍ እንደሚያደርግና ስኳሩ ከፍ ሲል ቁስሉ ቶሎ እንደማይድን ነው። የታዘዘላቸውን ምግብ በሳህን አቅርባችሁ «ይህን ያህል፣ በዚህ ሰዓት» ብላችሁ ብታሳዩአቸው ከአሥር ተግሣጽ ይበልጣል። ይህንም የምትናገረው አልጋውን የተረከበችው ባልደረባሽ ትሁን።

ከሐዋሳ ስለመጣው ወንድም ግን ለብቻው ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1991 በአንድ የአረጋውያን ሕክምና መጽሔት ላይ «የካሊፎርኒያዋ ልጅ» የተባለ ጠባይ በጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ከሩቅ አገር ዘግይታ ትመጣለች፤ ሕመምተኛውን ሲያስታምሙ የከረሙትን ትወቅሳለች፤ ሐኪሞቹን ታፋጥጣለች፤ ሁሉም ነገር እንደገና ይሠራ ትላለች። (ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ደግሞ «የኒው ዮርኳ ልጅ» ይሏታል ይባላል፤ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ከሌላ አገር ነው የሚመጣው።) በእኛ ዘንድ ከሐዋሳ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ወይም ከዱባይ በስልክ ይጮኻል። ከውስጥ ያለው አንድ ነው፦ «ሳልጠይቃት ቆይቼ፣ እግሯ እዚህ እስኪደርስ የት ነበርኩ?» የሚል ጸጸት። ጸጸት ለባለቤቱ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ቀረበው ሰው ይወረወራል። በዋርድ ውስጥ ለቤተሰብ ከነርስ የሚቀርብ ሰው የለም። ሐኪሙ ጎብኝቶ ይሄዳል፣ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ከመስኮት ጀርባ ነው፤ «ይህ መድኃኒት እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ብላ ወረቀቱን የምታስጨብጠው ነርሷ ናት። ላላመጣችው ችግር ፊቷን የምታሳየውም እሷው ናት።

ፍርሃቱንና ጸጸቱን መረዳት አንድ ነገር ነው፣ ስድቡን መሸከም ሌላ። «ብር ብናስጨብጥሽ» የሚለው ቃል ከጩኸቱ ይልቅ የጎዳሽ ሙያሽን ስለነካ ነው። ለእንዲህ ያለ ንግግር ንጹሕነትሽን ለማስረዳት አትሞክሪ፤ ማስረዳት ከጀመርሽ ክሱን ተቀበልሽ ማለት ነው። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «እንዲህ እየተናገሩኝ ልረዳዎት አልችልም። ኃላፊዬን እጠራልዎታለሁ» በይና ከዚያ ቦታ ሂጂ። መሄድሽ ሽንፈት አይደለም። ሁለት ሰው ተፋጦ ሳለ ሦስተኛ ሰው መምጣቱ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ያበርደዋል። የተፈጠረውን በዕለቱ በጽሑፍ ለኃላፊሽ አሳውቂ። እጅ የሚያነሣ ከሆነ ደግሞ የጥበቃ ጉዳይ ነው እንጂ የትዕግሥት ጉዳይ አይደለም፤ የባል ወንድም መሆኑም ይህን አይለውጠውም።

«ለእሷ አትንገሯት» ስለሚለው ነገር፦ መርዶ ድንገት የማይነገርበት፣ ሰው ተሰብስቦ ማለዳ የሚነገርበት ባህል ውስጥ ያደገ ቤተሰብ ክፉ ወሬን ከሕመምተኛው ለመከለል ቢሞክር አይገርምም። ለእሱ መሸሸግ መንከባከብ ነው። ነገር ግን እግሩ የእሳቸው ነው፤ ፈቅደው የሚፈርሙትም እሳቸው ናቸው። የሚነግራቸው ሐኪሙ ነው። እሱም አስቀድሞ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማንስ አብሮዎት እንዲሰማ ይፈልጋሉ?» ብሎ ቢጠይቃቸው የቤተሰቡም ወግ አይሰበር፣ የእሳቸውም መብት አይጣስ። አንዳንድ አረጋውያን «ለልጄ ንገሩት፣ እሱ ያውቃል» ይላሉ፤ ያም ምርጫቸው ነው። አንቺን በኮሪደር ይዘው ለሚያወጣጡሽ ደግሞ መልስሽ አጭር ይሁን፦ «ሐኪሙን ጠይቁ።» የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያ የታወቀ ምስጢር ማውጣትን የሚከለክለው ነርሶችንም ጨምሮ ነው። ይህን ለዘመዶችሽ እንደ ማስፈራሪያ ሳይሆን እንደ መከታ ተጠቀሚበት፤ «አልፈልግም» ከማለት «አይፈቀድልኝም» ማለት በመካከላችሁ ቅሬታ አያስቀርም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም ይበልጥ ያሰብኩት ስለ እሱ ነው። ያሳደጉት አክስቱ የእግር ጣቶቻቸው ሊቆረጡ ነው፤ እሱ ምንም ማድረግ አይችልም። በዘመዶቹ ፊት የሚያቀርበው አንድ ነገር ቢኖር አንቺን ነው፦ «ሚስቴ እዚያ ናት፣ ታስገባችኋለች።» የእሱ የልጅነት ውለታ የሚከፈለው በአንቺ ደንብ መጣስ ሆነ ማለት ነው። «ምናለ ትንሽ ብታልፊያቸው» ሲልሽ አንቺ «ስድቡ ይገባሻል» ብለሽ ሰምተሽዋል። እኔ የሚሰማኝ «በቤተሰቤ ፊት አታሳፍሪኝ» የሚል ልመና ነው። ያም ሆኖ ትክክል አልተናገረም። ሚስቱ በሰው ፊት ተዋርዳ ስትመጣ ቀድሞ የሚጠየቀው «ደህና ነሽ?» ነው፣ ዘመድነት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ እንደጎደለ ልትነግሪው ይገባል።

እንዴት? ከተረኝነት በወጣሽበት ጠዋት አይሁን። በእረፍት ቀንሽ፣ ልጁ ሲተኛ ይሁን። «ቤተሰቦችህ እንዲህ ናቸው» ብለሽ አትጀምሪ፤ በዚያ ከጀመርሽ ጠበቃቸው ሆኖ ይነሣል። በእሱ ሕመም ጀምሪ፦ «እትዬን እንዲህ ማየት እንደከበደህ አውቃለሁ። እኔም ከብዶኛል። ወንድምህ የተናገረኝ ቀን ግን ከጎኔ እንድትሆን ፈልጌ ነበር።» ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ የቤተሰቡ ተጠሪ እሱ ይሁን። ሐኪሙን የሚያነጋግረው እሱ፣ ማን መቼ እንደሚመጣ ተራ የሚያወጣው እሱ፣ ከሐዋሳም ከገጠርም ሲደወል የሚያነሣው እሱ። የአንቺ ስልክ በሥራ ሰዓት ዝግ ይሁን። ይህ ሸክምሽን ከማቅለሉም በላይ ለእሱ ይጠቅመዋል፤ ላሳደጉት ሴት የሚሠራው ሥራ ያገኛል።

በአዛውንቱ ላይ የጮኽሽውን በተመለከተ፣ መጸጸትሽ ደግ ነው፤ ካገኘሻቸው «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በያቸው። ምልክቱን ግን አትናቂው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን በበሽታነት ሳይሆን ከሥራ ጋር በተያያዘ ክስተትነት መዝግቦታል። መለያዎቹ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም በሥራው ላይ መማረር፣ እንዲሁም ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት ናቸው። የአንቺ ጩኸት ከሁለተኛው የሚመደብ ይመስለኛል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በጤና ሚኒስቴር ዕቅድ ውስጥ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ እንድትሆኑ ይነገራችኋል፤ መልካም ነው። ለነርሷ የሚራራላት ማን እንደሆነ ግን መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄውም በመጀመሪያ ለአለቆችሽ ነው።

ጓደኞችሽ «አውጪው፣ ይውጣልሽ» ይሉሽ ይሆናል። በዚህ አልስማማም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጥናት፣ ጽሑፋቸው ተጣጥሎባቸው የተቆጡ ተማሪዎች የተቿቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ መለማመጃ ከረጢት እንዲመቱ ተደረገ። ንዴታቸው ዝም ብለው ከተቀመጡት በለጠ እንጂ አልበረደም። በነርሶች ክፍል ቡና ላይ ስለ አንድ ተሳዳቢ ቤተሰብ በየቀኑ ማውራትም እንዲሁ ነው፤ ቁስሉን ይነካካዋል። አንድ ጊዜ ለሚሰማሽ ሰው ተናገሪ፣ መፍትሔውን ተነጋገሪ፣ ከዚያ ወሬውን ቀይሩ። ወደ ቤት ስትሄጂም ታክሲ ውስጥ የዋርዱን ነገር በስልክ ከማውራት ዝም ብለሽ በመስኮት ብታዪ ይሻላል። እንቅልፍሽ ለሳምንታት ከራቀ፣ ያለ ምክንያት የምታለቅሺ ከሆነ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ባለሙያ በአካል አማክሪ።

የሥራውንና የትዳሩን ውሳኔ አክስታችሁ ከሆስፒታል ወጥተው፣ አንቺም ጥቂት ሌሊት በደንብ ከተኛሽ በኋላ አንሺው። ከባለቤትሽ ወንድም ጋር ለመታረቅ አትቸኩዪ፤ ሽማግሌ ልትልኪ የሚገባሽም አንቺ አይደለሽም። አስቀድሞ ባለቤትሽ ወንድሙን ለብቻው ያነጋግረው። ይቅርታ ካለ ተቀበዪው። ካላለ፣ በዓል ላይ ስትገናኙ ሰላም በይው፣ የሆስፒታሉን ነገር አታንሺ፤ እሱ ሊያነሣው ከፈለገም በባለቤትሽ ፊት ይሁን።