«6 ሰዓት» ሲሏችሁ «የማን 6?» በሉ

መጠጥ ካቆምኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ አገር አዲስ አበባ የገባሁ ሰሞን ነው። የኤኤ (መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚረዳዱበት ማኅበር) ስብሰባ፣ ማለትም የሚቲንግ አድራሻ በመልእክት ተላከልኝ። ማክሰኞ 6 ሰዓት ይላል። እኔም እንደ አገሬ ሰው በጠራራ ፀሐይ 6 ሰዓት ላይ ከች አልኩ። በሩ ዝግ ነው። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጋሼ፣ ሰዎቹ የሚመጡት ማታ 12 ሰዓት ነው» አለኝ። ለካ መልእክቱን የጻፈው ፈረንጅ ኖሯል።

እስከ ማታ የት ልዋል? ዙሪያውን ድራፍት ቤት ነው። ታክሲ ይዤ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገባሁና ከድንቅነሽ ጋር ዋልኩ።

ዋሽንግተን አካባቢ ስትኖሩ አንድ ሚቲንግ ቢያመልጣችሁ ሌላ አለ። ጠዋት አለ፣ ምሳ ሰዓት አለ፣ ማታ አለ። አዲስ አበባ ያለው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ ፈልጉ እንጂ ቦሌ ከወረዳችሁ በኋላ አይሁን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቋንቋውን ጠይቁ። ስብሰባው ክፍት ይሁን ዝግ እሱንም ጠይቁ። ክፍት ከሆነ እህታችሁን ወይም ባለቤታችሁን ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ ዝግ ከሆነ መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። በመጣችሁ ማግስት ደግሞ ደውላችሁ አረጋግጡ። የእኛ ከተማ አድራሻ «ከእገሌ ሕንፃ ጀርባ» ነው፤ ፒያሳና ካዛንቺስ ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ስንቱ «እገሌ ሕንፃ» የለም።

እውነቱን ለመናገር ግን የከበደኝ አድራሻው አልነበረም። «የማውቀው ሰው ቢያየኝስ?» የሚለው ነው። ውጭ አገር ማንም አያውቀንም። እዚህ የሰፈር ልጅ አለ፣ የአክስት ልጅ አለ፣ አብሮ አደግ አለ። አስቡት ግን፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያያችሁ ሰው ራሱ ለምን መጣ? ኤኤ በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሁለት ሰካራሞች ተገናኝተው ከጀመሩት ጊዜ ጀምሮ ነገሩ በስም አለመታወቅ ላይ የቆመ ነው። የራሳችሁን ስም ትናገራላችሁ፣ የአባት ስም የሚጠይቃችሁ የለም። ማውራት ካልፈለጋችሁ «ዛሬ ልሰማ ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል። መመዝገቢያ ክፍያ የለም። መዋጮ ቢዞር እንኳ እንግዳ አይገደድም።

«የመናፍቅ ጉባኤ ነው?» ብሎ የጠየቀኝም አለ። አይደለም። ኤኤ መጠጥ ለማቆም በሚከተላቸው 12 ደረጃዎች ውስጥ ፈጣሪ ይነሳል፤ ግን እያንዳንዱ ሰው እንደሚረዳው ነው የሚለው። እኔ ጠዋት ቅዳሴ፣ ማታ ሚቲንግ ሄጃለሁ። የንስሐ አባቴም አልተቆጡኝም።

ኦንላይን ስብሰባም ይያዝላችሁ፤ ኔትወርክ ወይም መብራት እንደሚያስቸግር ግን ቀድማችሁ እወቁ። ሰዓቱን አስሉት። ለገና ወይም ለጥምቀት ከመጣችሁ የዋሽንግተን የቀትር ሚቲንግ ለእናንተ ምሽት 2 ሰዓት ነው። በክረምት ከመጣችሁ 1 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ ሰዓት ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። የለመዳችሁት የማታው ሚቲንግ ግን ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በእንቅልፍ መዛባት እንደኔ አፍጥጣችሁ የምታድሩ ከሆነ እሱም ይጠቅማል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። በየቀኑ በብዛት እየጠጣችሁ ከሆነ፣ «አገር ቤት ስገባ አቆማለሁ» ብላችሁ አውሮፕላን ላይ በድንገት እንዳታቆሙ። ሰውነት የለመደው መጠጥ ሲቀርበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ አንዳንዴ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ይመጣል። ቀጥሎ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊከተል ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ምልክቱ እዚህ ከጀመራችሁ ደግሞ ሆስፒታል ሂዱ። መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሱስንም ያክማል። «አማኑኤል ገባ ይሉኛል» የሚለውን ወሬ ተዉት፤ ወሬኛው አያስታምማችሁም።

ትልቁ ፈተና ግን ዘመድ ቤት ነው። ቁርጥ ቤት ሲወስዷችሁ «ያለ አረቄ ይታመማል» ይሏችኋል። ጥብስ እዘዙ። «በሞቴ» ሲመጣ ደግሞ ብዙ አታስረዱ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» የሚለውን የሚከራከር ሐበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም። ውሸት ከከበዳችሁ «አይስማማኝም» በሉ፤ እሱ እንኳ እውነት ነው።

ብርዝ ሲቀርብላችሁ «ማር በውሃ ነው» ብላችሁ አትጨልጡት። መቼ እንደተበረዘ ጠይቁ፤ ከዋለ ካደረ መፍላት ይጀምራል። አክስቴ መጀመሪያ «ደሞ ብርዝ ይመረመራል?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ያን ማታ ከሚቲንግ ስመለስ ተቀምጣ ጠበቀችኝና ነገርኳት። በማግስቱ ጠዋት ቀሰቀሰችኝ። በእጇ ብርሌ ይዛለች። «አሁን ነው የበረዝኩት፣ ቅመሰው» አለችኝ።