የመጨረሻው ቡድን የመጀመሪያውን ምርጫ ለምን ያጣል?

ጥያቄ፦ ካናዳ ከመጣን ወዲህ ከልጄ ጋር የሰሜን አሜሪካን የበረዶ ላይ ሆኪ ሊግ እንከታተላለን። ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት ምርጫ ደካማው ቡድን ምርጡን ወጣት ያገኛል ይባላል፤ ታዲያ በ2023 አናሃይም መጨረሻ ወጥቶ ሳለ የዚያን ዓመት ምርጡን ወጣት ኮነር ቤዳርድን ቺካጎ እንዴት ወሰደው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የምርጫው ተራ በደረጃ ሰንጠረዡ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ቡድኖች በውድድር ዘመኑ ማብቂያ ላይ ሆን ብለው እንዲሸነፉ ይገፋፋ ነበር። ስለዚህ ለጥሎ ማለፉ ያልደረሱት 16 ቡድኖች ዕጣ ይወጣላቸዋል። ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች በማሽን ውስጥ ሲገለባበጡ ቆይተው አራቱ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የአራቱ ቁጥሮች ጥምረት አስቀድሞ የተመደበለት ቡድንም ቀዳሚ መራጭ ይሆናል። አናሃይም ዕጣው የሚወጣለት ዕድሉ 18.5 በመቶ፣ ከግርጌ ሦስተኛ የነበረው የቺካጎ ደግሞ 11.5 በመቶ ብቻ ነበር፤ ኳሶቹ ግን ለቺካጎ ወጡ። አናሃይም ሁለተኛ መርጦ ስዊድናዊውን ሊዮ ካርልሰንን ወሰደ።

ቤዳርድ በዚያው ዓመት ለካናዳው የወጣቶች ቡድን ለሬጂና ፓትስ በ57 ጨዋታዎች 71 ግብ ያስቆጠረ ስለነበር አንደኛ እንደሚመረጥ ማንም አልተጠራጠረም። እኔ ግን ምርጫው ሰባት ዙር መሆኑን አትርሱ እላለሁ፤ በ1998 ዲትሮይት 171ኛ ተራ ላይ የመረጠው ፓቬል ዳትሲዩክ ሁለት ጊዜ የሊጉን ሻምፒዮና ሽልማት፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አንሥቷል። ከልጅዎ ጋር የወደፊቶቹን ተጫዋቾች ለማየት ከፈለጉ፣ በፈረንጆች ገና ማግስት የሚጀመረውን ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ይመልከቱ።